ጥንዚዛ ለቃሚው ልጅ የሠራው ጨዋታና የቆላው ልጅ

ሳቶሺ ታጂሪ ያደገው በቶኪዮ ዳርቻ በምትገኘው ማቺዳ ነው። በልጅነቱ አካባቢው ገና ኩሬ፣ የሩዝ ማሳና ጫካ ነበረው። ልጁ ቀኑን ሙሉ ጥንዚዛ ሲያሳድድ ስለሚውል ጓደኞቹ «ዶክተር ነፍሳት» እያሉ ይጠሩት ነበር። ከተማው ሲሰፋ ኩሬው ተደፈነ፣ ጫካው ተመነጠረ፣ ነፍሳቱም ጠፉ። ታጂሪ ጎልምሶ ጌም ፍሪክ የተባለውን ድርጅት ከመሠረተ በኋላ አንድ ሐሳብ ያዘው፦ ሣር ውስጥ ገብቶ ያልታወቀ ፍጡር የማግኘትን ደስታ ከአስፋልት ላይ ለሚያድግ ልጅ መስጠት። ሥራው ስድስት ዓመት ያህል ፈጀ። ፖኪሞን ሬድና ፖኪሞን ግሪን እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 በኒንቴንዶ አሳታሚነት፣ ጌም ቦይ ለተባለው የእጅ ጨዋታ መሣሪያው፣ በጃፓን ለገበያ ቀረቡ፤ በ1998 ደግሞ በእንግሊዝኛ ሬድና ብሉ ተብለው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ።

ማቺዳ ያጣችውን ሳንጃ ዛሬም አላጣችውም። ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የታች አርማጭሆዋ ከተማ፣ ከእሷም ወደ ምዕራብ እስከ ሱዳን ድንበር የተዘረጋው የመተማና የቋራ ቆላ፣ ልጅ ፍጡርን እያየ የሚያድግበት አገር ነው። ማሽላው ሲያሽት ግሪሳ ወፍ የሚጠብቀው ልጅ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይወጣል። ዝናቡ ሲጀምር ክንፍ አውጥቶ የሚፈላውን ምስጥ፣ ከድንጋይ ሥር የሚደበቀውን ጊንጥ፣ ቁጥቋጦ ላይ ቀለሟን የምትለውጠውን እስስት ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። የቱ እንደሚናደፍ፣ የቱ ምንም እንደማይጎዳ፣ የቱ ሲመሽ ብቻ እንደሚወጣ ይለያል። ይህን ዕውቀት ማንም ፈተና ላይ አይጠይቀውም። ከዓለም ታላላቅ ጨዋታዎች አንዱ የተሠራው ግን በትክክል ከዚህ ዓይነት ዕውቀት ነው፤ ለቆላው ልጅ ጨዋታ መግዛት የሚያስብ ወላጅ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድም ከአዳዲሶቹ በፊት ይህን አሮጌ ጨዋታ ሊያየው ይገባል።

የጨዋታው አካሄድ ቀላል ነው። አንድ ልጅ ከትንሽ መንደሩ ሊወጣ ሲል አንድ ምሁር ከሦስት ፍጡራን አንዱን ምረጥ ይለዋል፦ የቅጠል ወገን የሆነውን ቡልባሶር፣ የእሳቱን ቻርማንደር ወይም የውኃውን ስኩዊርትል። ውኃ እሳትን፣ እሳት ቅጠልን፣ ቅጠል ውኃን ያሸንፋል። ከዚህ ሦስትዮሽ ተነስቶ አሥራ አምስት ወገኖች ያሉት ሰፊ የብልጫና የድክመት ሥርዓት ይዘረጋል። ምርጫው ቀልድ አይደለም፤ የመጀመሪያው ትልቅ ተጋጣሚ የድንጋይ ወገን ስለሆነ ቻርማንደርን የመረጠ ልጅ ገና ከጅምሩ ይቸገራል፣ ቡልባሶርን የመረጠ ደግሞ በቀላሉ ያልፋል። ልጁ በየሣሩ እየገባ ፍጡራን ይይዛል፣ ያሳድጋል፣ በመዝገቡ ያሰፍራል። አባጨጓሬ መሳዩ ካተርፒ ውሎ አድሮ ባተርፍሪ የተባለ ቢራቢሮ ይሆናል። በጠቅላላው 151 ፍጡራን አሉ፤ የመጨረሻዋን ሚውን ሺጌኪ ሞሪሞቶ የተባለው የፕሮግራም ሠራተኛ ሥራው ሊያልቅ ሲል በተረፈች ጥቂት ቦታ ላይ ሸጎጣት።

ትልቁ ጥበብ ግን ጨዋታው ለሁለት መከፈሉ ነው። ኤካንስ የተባለው እባብና ሳይተር የተባለው ባለ ማጭድ ነፍሳት በሬድ እንጂ በብሉ አይገኙም፤ ሳንድሽሩና ፒንሰር ደግሞ በብሉ እንጂ በሬድ የሉም። ካዳብራንና ሃውንተርን የመሳሰሉት ሙሉ ኃይላቸውን የሚያገኙት ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው በገመድ ሲተላለፉ ብቻ ነው። ስለዚህ ብቻውን የሚጫወት ልጅ የቱንም ያህል ቢደክም መዝገቡን አይሞላም። ታጂሪ የጌም ቦይን ማገናኛ ገመድ ሲያይ በውስጡ ነፍሳት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሳቡ እንደታየው ተናግሯል። ዛሬ በየስልኩ ከሚወርዱት ጨዋታዎች ብዙዎቹ ልጁን ብቻውን አስቀምጠው በየደቂቃው ማስታወቂያ ያሳዩታል፣ ለመቀጠል ክፈል ይሉታል። ይህኛው አንዴ ተገዝቶ ያለቀ ነው፤ ሌላ የሚጠይቀው ነገር ቢኖር ጓደኛ ነው።

ኢንተርኔትም አይፈልግም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የአማራ ክልል ነዋሪ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መኖር ምን እንደሆነ አይቶታል። በመስመር ላይ ብቻ የሚሠራ ጨዋታ በዚያ ጊዜ ስልኩ ላይ ያለ የሞተ ምልክት ነበር። ጌም ቦይ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው፤ የመጀመሪያው ሞዴል በአራት፣ ከለር የተባለው በሁለት። ከኋላው ብርሃን የሌለው ስክሪኑም ለቆላ ተስማሚ ነው። የስልክ ስክሪን ፀሐይ ላይ ሲጠፋ ይህ ግን ፀሐይ ሲያገኝ ይበልጥ ይነበባል። ማታ መብራት ይፈልጋል፤ በመተማ የቀትር ሙቀት ሜዳ ላይ ጥሎት መሄድም ስክሪኑን ያጠቁረዋል፤ ጥላ ሥር ይቀመጥ።

ግዢው ግን ጥንቃቄ ይሻል። ጨዋታው ያለበት የጌም ቦይ ካሴት አዲስ ሆኖ አይመረትም። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2016 ጨዋታውን ስሪዲኤስ ለተባለው ሌላ መሣሪያው በኢንተርኔት መሸጥ ጀምሮ የነበረ ቢሆንም ያ መደብር በመጋቢት 2023 ተዘግቷል። የቀረው ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ያገለገለውም ብዙ ጊዜ አዲስ ሳለ ከተሸጠበት ሠላሳ ዶላር ገደማ በላይ ይጠየቅበታል። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በ57 ብር ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ስላለፈ ይህ ወጪ ለአንድ የገበሬ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለ ገንዘብ አውጥቶ አስመስሎ የተሠራ ካሴት ይዞ መመለስ ያሳዝናል።

አስመሳዩ ደግሞ ሞልቷል። የትክክለኛው ካሴት ወረቀት ጥርት ያለ ኅትመት አለው፤ ላዩ ላይም ብርሃን ዘንበል አድርገው ሲያዩት የሚታይ፣ ተረግጦ የታተመ ትንሽ ቁጥር ይገኛል። የደበዘዘ ሥዕል፣ የተሳሳተ የፊደል አጻጻፍ፣ በተራ ካቻቢቴ የሚፈታ ብሎን ካለው ጥርጣሬ ይገባል። ዋናው ፈተና ግን ይህ ነው፦ ጨዋታውን መጀመር፣ ጥቂት መራመድ፣ ማስቀመጥ፣ ማጥፋት፣ ሻይ ጠጥቶ መመለስና እንደገና ማብራት። የተቀመጠው ከሌለ ወይ ካሴቱ አስመሳይ ነው፣ ወይ በውስጡ ያለችው ሳንቲም መሳይ ባትሪ ሞታለች። ሁለተኛው ከሆነ ተስፋ አለ። ሞባይል የሚጠግን ጎበዝ ባለሙያ በካውያ አሮጌዋን አላቆ አዲስ ይበይዳል። ባትሪዋ ስትነሳ ቀድሞ የተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥገናው ልጁ መጫወት ከመጀመሩ በፊት ይሁን። የወጣችው ባትሪ ሕፃን ከዋጣት ሕይወት የምታጠፋ ነገር ስለሆነች ወዲያው ከቤት ትወገድ።

እ.ኤ.አ. በ1999 በጃፓን የወጡት ፖኪሞን ጎልድና ሲልቨር በጨዋታነት ከመጀመሪያዎቹ ይበልጣሉ። ፍጡራኑ 251 ናቸው። ጨዋታው ሰዓት ስለሚቆጥር ሲመሽ ብቻ የሚወጡ ፍጡራን አሉበት፤ ይህም የቆላው ልጅ ጠንቅቆ የሚያውቀው ነገር ነው። ነገር ግን ያው ሰዓት ባትሪዋን ቶሎ ይጨርሳታል። ለጀማሪ ቤተሰብ ሬድና ብሉ፣ ለሁለት ልጆች አንዳንድ፣ የተሻለ ምርጫ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎችም አንድ ዓይነት ሞዴል ቢሆኑ ይመረጣል፤ የማገናኛው ገመድ ጫፍ ከሞዴል ሞዴል ይለያያልና።

እንከኑም ይነገር። የልጁ ከረጢት ከሃያ ዓይነት ዕቃ በላይ አይዝም። የአእምሮ ኃይል ያላቸው ፍጡራን ከልክ በላይ የበረቱ ናቸው፤ ሊያሸንፏቸው የተባሉት የመናፍስት ወገኖች በፕሮግራም ስህተት ምክንያት ምንም አያደርጓቸውም። አንድ ካሴት የሚይዘው የአንድ ተጫዋችን ማኅደር ብቻ ስለሆነ ታናሽ ወንድም አዲስ ጀምሮ ካስቀመጠ የታላቁ የወራት ድካም ይጠፋል። ከሁሉ የከፋው ግን ለእኛ ልጆች ቋንቋው ነው። ጨዋታው ከዳር እስከ ዳር ጽሑፍ ነው፣ ጽሑፉም እንግሊዝኛ ነው። መዝገበ ቃላት ይዞ አጠገቡ የሚቀመጥ ታላቅ እህት ወይም ወንድም ያለው ልጅ ብዙ ይማርበታል፤ የሌለው ግን በስድስተኛው ደቂቃ ሰልችቶት ይተወዋል።

ጽሑፉ በአማርኛ የማይሆንበት ምክንያት ግን የለም፤ ፍጡራኑም የእኛ የማይሆኑበት። የአገር ውስጥ ሥራ መጀመሩን ዳዊት አብርሃም በአዲስ አበባ የመሠረተው ቅኔ ጌምስ አሳይቷል። «ኩኩሉ» በሚለው የስልክ ጨዋታ ዶሮ ትሮጣለች፣ በሌላው ደግሞ ገበጣን ወደ ስክሪን አምጥቷል። ልጅ የሚያውቀውን ነገር ጨዋታ ማድረግ እንደሚቻል ለማሳየት ይህ በቂ ነው። ቀጣዩ ሊሠራ የሚገባው የቆላው መዝገብ ነው። በቋራ ወረዳ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ብቻውን ለአንድ ጨዋታ ይተርፋል። በ2008 ዓ.ም. ቦርን ፍሪ በተባለው የዱር እንስሳት ድርጅት ድጋፍ የተጓዙ ተመራማሪዎች በዚያ ስውር ካሜራ አጥምደው አንበሳ ፎቶ ሲያነሱ ዜናው ዓለምን ዞረ፤ የአካባቢው ሰው ግን አንበሳው እንዳለ ቀድሞም ያውቅ ነበር። ዝሆኑ፣ ዘንዶው፣ ነብሩ፣ ግሪሳው፣ ጃርቱ፣ ጊንጡ ሁሉም የየራሳቸው ኃይልና ድክመት፣ የየራሳቸው ሰዓትና ወቅት አላቸው። የብልጫውን ሥርዓት ከውጭ መቅዳትም አያስፈልግም፤ ማን ማንን እንደሚበላ እረኛው ይናገራል።

መሣሪያው በነፃ አለ። ክሪስ ማልትቢ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ጂቢ ስቱዲዮ የተባለ ፕሮግራም ኮድ መጻፍ ለማይችል ሰው እንኳ እውነተኛ የጌም ቦይ ጨዋታ ያሠራል፤ ውጤቱ በኮምፒውተርም በስልክም ይከፈታል። የጌም ቦይ ስክሪን በአንድ መስመር ሃያ ፊደል ይይዛል፣ እያንዳንዱም ስምንት በስምንት ነጥብ ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ 231ዱን ፊደላት ሁሉ አጥርቶ መሳል ትዕግሥት ይጠይቃል፤ «ጨ» እና «ጪ» እንዳይምታቱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከአንድ ላፕቶፕና ከጥቂት ወራት በላይ ግን አይፈልግም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተርና የባዮሎጂ ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራ አብረው ቢይዙት፣ የፍጡራኑን ዝርዝር ከፓርኩ ጠባቂዎችና ከሳንጃ፣ ከመተማዋ ገንዳ ውኃና ከቋራዋ ገለጎ ተማሪዎች ቢሰበስቡ፣ የሠሩትንም መጀመሪያ ለእነዚያው ልጆች ሰጥተው ቢያስሞክሩ፣ የትኛው ፍጡር በስህተት እንደተሳለ፣ የትኛውም በተሳሳተ ሰዓት እንደወጣ ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ይነግሯቸዋል።