ፓተርን በስላይድ አይወጣም

«ሶፍትዌሩ ውድ ነው።» ፓተርን በኮምፒውተር ለምን በተግባር አይሰጥም ብሎ የልብስ ቴክኖሎጂ ትምህርት ክፍሎችን የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ይኸው ነው። ታዲያ ምን ይደረጋል? አሠልጣኙ የጌርበርን ስክሪን ፎቶ በፕሮጀክተር ያሳያል፤ ሠልጣኟ ደብተሯ ላይ ትገለብጣለች፣ ትፈተናለች፣ ታልፋለች። ዋናን በጥቁር ሰሌዳ እንደማስተማር ነው።

ጌርበርና ሌክትራ ውድ መሆናቸውን የሚክድ የለም። (ሌክትራ በ2013 ዓ.ም. ጌርበርን ጠቅልሎ ስለገዛው የትናንት ተቀናቃኞች ዛሬ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ተፎካክረው ዋጋ ይቀንሳሉ ብሎ የሚጠብቅ ካለ ይረፍ።) ግን ለማስተማር የግድ እነሱ ያስፈልጋሉ ያለው ማን ነው? ቫለንቲናና ሲምሊ ቱ ዲ የሚባሉ፣ ኮዳቸው ክፍት የሆነ ፕሮግራሞች ከወጡ ዓመታት ተቆጥረዋል።

እንዲያውም ለክፍል የሚሻሉት እነሱ ናቸው። የሚሠሩት በቀመር ነው። ሠልጣኟ «የደረት ዙሪያ ሲካፈል ለ4፣ ሲደመር ለመንቀሳቀሻ የሚተወው ትርፍ» ብላ ትጽፋለች። ደረቱን ከ88 ወደ 96 ሴንቲ ሜትር ስትቀይረው ፓተርኑ ራሱን እንደገና ይስላል። ቀመሩን ከሳተች የብብቱ ቅርጽ እዚያው ዓይኗ ፊት ይበላሻል። በወረቀት ይህንኑ ለማየት ከመጀመሪያው መሣል አለባት፤ የክፍለ ጊዜው ደወል ደግሞ አይጠብቃትም።

አንጋፋ ባለሙያዎች «መጀመሪያ እጅ ይፍታ» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ የጨርቅ ባሕርይ በስክሪን አይዳሰስም። ግን ፓተርኑን በኤ4 ወረቀት አትሞ፣ በፕላስተር አያይዞ፣ አቡጀዴ ቆርጦ መስፋትን ማን ከለከለ? እጅም የሚፈታው ያኔ ነው።

ነገሩ የመምህራን ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ስንት ተስፋ ተወራለት! የመጣው ሥራ ግን በአብዛኛው መስፋት ነበር። ፓተርኑ ከገዢው ዘንድ በፋይል ይመጣል፤ እዚህ የሚቀረው የመርፌው ዋጋ ነው። በታኅሣሥ 2014 የአጎዋ ዕድል ሲቋረጥ፣ እጅጌ ብቻ ስትገጥም የኖረች ልጅ ከፋብሪካው ብትወጣ ይዛው የምትሄደው ምን ነበራት? ፋይል ከፍታ ፓተርን የምታርም ብትሆን ደንበኛዋ መርካቶም ዱባይም ሊሆን ይችል ነበር።

ኮሌጆች የዕርዳታ ሶፍትዌር መጠበቁን ይተዉት። ፈተናውንም ይለውጡት፦ ለሠልጣኟ የአንድ ሰው ልክ፣ ኮምፒውተርና አንድ ቀን ይሰጣት፤ ማታ ላይ ያ ሰው ለብሶት የሚቆም የአቡጀዴ ሸሚዝ ታስረክብ።