ኔትወርክ ሲጠፋ ቀጠሯችን የት ይገባል?

በዛሬው ዓምዳችን ብዙዎቻችን በኪሳችን ይዘነው ስለምንዞረው፣ አሠራሩን ግን ልብ ስለማንለው ነገር እንነጋገር፤ ይኸውም በስልክ ላይ ስላለው የቤተሰብ የጋራ ቀን መቁጠሪያ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እናት አምቦ ይኖራሉ እንበል፤ ሴት ልጃቸው ጉደር ትኖራለች፣ ወንዱ ልጃቸው አዲስ አበባ ይሠራል። እናት ስኳር ስላለባቸው በየጊዜው አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ይመላለሳሉ። ቀጠሮውን ሦስቱም በአንድ የጋራ ቀን መቁጠሪያ ይከታተላሉ፤ አንዱ ሲጽፍ ሁለቱ ያያሉ። ኢንተርኔት እስካለ ድረስ መልካም ነው። ሲጠፋስ?

ጥያቄው የሩቅ አይደለም። የአምቦው ተወላጅ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በተገደለ ማግስት በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አረፋ ሊደርስ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነበር። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ፣ ከአምቦ ባሻገር በምዕራብ ወለጋና በቄለም ወለጋ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን ስልክም ተዘግቶ ነበር።

እንግዲህ አሠራሩን እንመልከት። ዋናው መዝገብ የሚቀመጠው ሩቅ ባለ ኮምፒዩተር፣ ማለትም ሰርቨር ላይ ነው፤ ስልካችን የሚይዘው ግልባጩን ነው። ስለዚህ ኔትወርክ ቢጠፋም የተጻፈውን እናነባለን፣ የማስታወሻ ደወሉም ይደውላል። አዲስ የምንጽፈውም ስልኩ ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። ኔትወርክ ሲመለስ ግልባጩና ዋናው መዝገብ ይተያያሉ፤ ይህንን ‹ሲንክ› ይሉታል። በኮምፒዩተር የሚከፈተው የጉግል ካላንደር ግን ያለ ኢንተርኔት ማንበብ እንጂ መጻፍ አያስችልም።

ታዲያ አደጋው ምንድን ነው? የመጀመሪያው፣ ያረጀው ግልባጭ ያረጀ አለመምሰሉ ነው። ልጅየው የማክሰኞውን ቀጠሮ ወደ ሐሙስ ቢያዛውር፣ የእናት ስልክ አሁንም ማክሰኞ ይላል፤ ደወሉም በሰዓቱ ይደውላል። እናት ማልደው ተነሥተው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጉዘው ሐኪሙን ያጡታል።

ሁለተኛው ኔትወርክ በተመለሰ ጊዜ የሚመጣው ነው። እኅት ጉደር ሆና የዚያኑ ቀጠሮ ሰዓት ከ3 ወደ 4 ቀይራ ነበር እንበል። የወንድሟ ለውጥ ቀድሞ ሰርቨሩ ዘንድ ደረሰ፤ የእርሷ ተከተለ። አንድ ቀጠሮ የሚላከው እንዳለ ተጠቅልሎ ስለሆነ፣ የእርሷ ጽሑፍ አሮጌውን ‹ማክሰኞ›ም ይዞ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ዝም ብሎ የመጨረሻውን የሚቀበል ከሆነ ሐሙስ ተሰረዘ ማለት ነው፤ ማንም አላጠፋም፣ ቀጠሮው ግን ጠፋ!

ባለሙያዎች ለዚህ መላ አበጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ‹ካልዳቭ› የተባለው የጋራ ደንብ እያንዳንዱ ጽሑፍ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ ምልክት እንዲኖረው ያደርጋል። ስልኩ ‹እኔ የማውቀው ይህን ምልክት ነው› ብሎ ሲልክ ምልክቱ ካልገጠመ ሰርቨሩ አይቀበልም። ከዚያ ወዲያ ‹የትኛው ይጽና?› ብሎ ባለቤቱን መጠየቅ የፕሮግራሙ ፋንታ ነው፤ ሁሉም ግን አይጠይቁም።

ስለሆነም ለየቤተሰቡ የምንመክረው ይህን ነው። የእያንዳንዱን ቀጠሮ ቀንና ሰዓት የሚለውጥ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ኔትወርክ ሳለ ስልኩን አንድ ጊዜ ‹ኤሮፕሌን ሞድ› ላይ አድርጋችሁ ቀን መቁጠሪያው የሚከፈት መሆኑን ፈትኑ። ኔትወርክ ተቋርጦ ሳለ የጻፋችሁት ሰርቨሩ ሳይደርስ ከአካውንታችሁ አትውጡ፣ ፕሮግራሙንም አታጥፉ፤ ተራ የሚጠብቀው ጽሑፍ አብሮ ሊጠፋ ይችላልና። ድምፅ የሚሠራ ከሆነ ደውላችሁ አረጋግጡ። የሐኪሙን ቀን ደግሞ በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ቀጠሮ ቃል ነው፣ ቃልም አማና ነው። ስልኩ ግልባጩን ይይዝልናል፤ አማናውን የምንይዘው ግን እኛው ነን።