አዲስ ኮምፒዩተር ወይስ አዲስ አጻጻፍ?

በየመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ የፈተና ፕሮግራም ይለጠፋል፤ ይሻራል፤ ደግሞ ይለጠፋል። ባለፈው ጊዜ ሦስተኛው ከወጣ በኋላ እንኳ ከመካከላችን በአንድ ሰዓት ሁለት ፈተና የደረሰባቸው ነበሩ። ከአያት፣ ከቦሌ አራብሳና ከሌላው የለሚ ኩራ ሰፈር ሳይነጋ ተነሥተን የምንመጣው ተማሪዎች ፈተናው ወደ ከሰዓት በኋላ መዛወሩን የሰማነው በር ላይ ነው። ምክንያቱን ብንጠይቅ «ኮምፒዩተሩ አቅም አነሰው፤ አዲስ ይገዛል» ተባልን። ይህን መልስ አልተቀበልነውም።

ያልተቀበልንበትን ምክንያት የሂሳብ ተማሪዎች ጓደኞቻችን በቼዝ አስረድተውናል። በ1848 እ.ኤ.አ. ማክስ ቤዜል የተባለ ጀርመናዊ፣ ስምንት ንግሥቶች እርስ በርሳቸው ሳይመታቱ በ64ቱ ቤቶች ላይ እንዴት ይቀመጣሉ ሲል ጠየቀ። በማናቸውም ስምንት ቤቶች እንሞክር ብንል 4,426,165,368 አቀማመጥ አለ። በየዓምዱ አንዲት ብቻ ትሁን ብለን ብንነሣ 16,777,216 ይሆናል። በየረድፉም እንዲሁ ብንል 40,320 ብቻ ይቀራል። ትክክለኛዎቹ መልሶች ግን ከመጀመሪያውም 92 ናቸው፤ መኪናውም ያው መኪና ነው። የተለወጠው የጥያቄው አጻጻፍ ነው። (ነገሩ የአጻጻፍ ከሆነ ደግሞ እኛም የሥነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪዎች አፍ አለን!)

ወደ ፈተናችን እንመለስ። አንድ ተማሪ አምስት ፈተና ኖሮት የተመደበው ክፍለ ጊዜ አራት ነው እንበል። ደንቡ «ይህና ያ አይገጣጠሙ» እየተባለ በጥንድ በጥንድ አሥር ጊዜ ቢጻፍ፣ እያንዳንዱ ጥንድ ለብቻው ሲታይ የሚቻል ስለሚመስል መኪናው አንዱን ሲያነሣ ሌላውን ሲጥል ይውላል። «አምስቱም የተለያዩ ይሁኑ» ተብሎ ባንድነት ቢጻፍ ግን አራት ለአምስት እንደማይበቃ ቆጥሮ ወዲያው ይናገራል። እኩል የሆኑ ሁለት አዳራሾችን እያለዋወጡ ያንኑ ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ማስመርመርም ከንቱ ድካም ነው።

ጥፋቱ የእኛም ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ኮርስ የምንጨምረውና የምንጥለው እኛ ነን። ደግሞም ከሩቅ ሰፈር የሚመጣ ተማሪ በማለዳ አይፈተን ስንል ልመናችን እንደ ግዴታ ቢጻፍ ኖሮ ጨርሶ ፕሮግራም ላይገኝ ይችል ነበር፤ እንደ ምርጫ ይጻፍና ሲቻል ይፈጸም።

እንግዲህ ማኅበራችን ስለ አዲስ ኮምፒዩተር መጮኹን ትቶ፣ ደንቦቹ አንድ በአንድ ተጽፈው ከመጪው ምዝገባ በፊት በሰሌዳ ላይ እንዲለጠፉልን ይጠይቅ። አይተን እናርማቸዋለን።