አሰብ በስንት ተሸጠች?

የሱልጣን አብዱልሐሚድን ታሪክ ሸር ያላደረገ ከመካከላችን ማን አለ? በ1896 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቴዎዶር ሄርዝል የኡስማኒያን ዕዳ ለማቃለል 20 ሚሊዮን ፓውንድ አቅርቦ ፍልስጤምን ጠየቀ። ሱልጣኑ እምቢ አሉ። በዚህ እንኮራለን፤ ልንኮራም ይገባል። ግን እዚሁ ደጃችን፣ ቀይ ባሕር ዳር ላይ የተፈጸመውን ሽያጭ ስንቶቻችን እናውቃለን?

በ1862 ፈረንሳይ ኦቦክን ከአፋር ባላባቶች በ10,000 ማርያ ቴሬዛ ብር ገዛች። ቀጥሎ ተራው የአሰብ ሆነ። ቀድሞ የካቶሊክ ሚስዮናዊ የነበረው ጣሊያናዊ ጁሴፔ ሳፔቶ ኖቬምበር 15 ቀን 1869 ከሁለት ወንድማማች የአፋር ሹማምንት፣ ከሐሰን ቢን አሕመድና ከኢብራሂም ቢን አሕመድ፣ በ6,000 ብር ተዋዋለ። ቀኑን ልብ በሉልን። የስዊዝ ቦይ የተከፈተው ከሁለት ቀን በኋላ ነው! ገዢው ያ ዳርቻ ነገ ምን እንደሚያወጣ አስልቶ ነው የመጣው።

በይፋ የታየው ባለቤትም መንግሥት አልነበረም፤ ሩባቲኖ የሚባል የመርከብ ኩባንያ ነው። በ1882 ግን የጣሊያን መንግሥት ቦታውን ከኩባንያው ተረከበ። በ1885 ምጽዋን ያዘ፤ በ1890 ኤርትራ ቅኝ ግዛት ተባለች።

ይህን ሲሰሙ ሻጮቹን «ከሃዲ» ለማለት የሚቸኩሉ ወንድሞች አሉ። እኛ አንስማማም። በአፋር ዘንድ መሬት የጎሳ ነው፤ አንድ ሰው ገበያ አውጥቶ የሚሸጠው ዕቃ አይደለም። ውሉን ለእንግዳ መርከብ ማረፊያ እንደመፍቀድ ቆጥረውት ቢሆን አይገርመንም። ጣሊያን ግን ወረቀቱን የአገር ባለቤትነት አድርጋ ነው ያነበበችው።

ነዋሪን ሳይጠይቁ መሸጥ በእኛ አካባቢ ብቻ የሆነም አይደለም። ዴንማርክ በካሪቢያን የነበሯትን ደሴቶች በ1917 ለአሜሪካ በ25 ሚሊዮን ዶላር ስትሸጥ አስቀድማ ሕዝበ ውሳኔ አካሂዳለች። ድምፅ የሰጡት ግን ዴንማርክ ያሉት ናቸው። አብዛኞቹ የባሪያ ልጅ ልጆች የሆኑት የደሴቶቹ ነዋሪዎች በዚያ ምርጫ አልተካተቱም።

አሜሪካ በ1946 ለግሪንላንድም 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ወርቅ አቅርባ ነበር። ዛሬ ወሬው እንደገና ሲነሳ እንቀልድበታለን። የግሪንላንድ ሰው ግን አሁን «አንሸጥም» የሚልበት የራሱ ፓርላማ አለው። የአሰብ ዓሣ አጥማጅ ያን ጊዜ ማን ጠየቀው?

አፋር አካባቢ ያላችሁ ወጣቶች፣ ሽማግሌዎቻችሁ ስለ አሰብና ስለ ኦቦክ ውል የሚያወሩትን በስልካችሁ ቅዱልን። የጣሊያንና የፈረንሳይ ወረቀት በየመዝገብ ቤቱ ተቀምጧል፤ የእነሱ ቃል ግን ከእነሱ ጋር ሊያልፍ ነው።