ለቀጠሮ የሚጾም ጾም

የስኳር ሕመም ካገኛቸው ወገኖቻችን ብዙዎቹ፣ የሐኪም ቀጠሯቸው ሳምንት ሲቀረው ከዳቦውና ከለስላሳው መጠጥ ተለይተው፣ ሻዩንም ያለ ስኳር እየጠጡ ይሰነብቱና፣ በማለዳ ባዶ ሆዳቸውን ደም ሰጥተው የተገኘው ቁጥር መልካም ነው ሲባሉ ‹‹ተመስገን›› ብለው ወደ ቀድሞ ልማዳቸው ይመለሳሉ። ይህ ለፈጣሪ ሳይሆን ለቀጠሮ የሚጾም ጾም ነው። ሐኪምን ደስ ለማሰኘት ይህን ያህል መድከማችን ዘወትር ይገርመኛል፤ ሕመሙ የሐኪሙ አይደለምና።

እርግጥ የባዶ ሆድ ምርመራ ከንቱ አይደለም፤ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ከምግብ ተከልክሎ የተለካው የደም ስኳር በዴሲሊትር 126 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፣ በሌላ ቀን ሲደገምም እንዲሁ ከተገኘ፣ ሕመሙ መኖሩ ይታወቃል። ነገር ግን ያ ቁጥር የሚመሰክረው ስለዚያች ማለዳ ብቻ ስለሆነ፣ ስላለፉት ወራት የሚጠየቀው ሌላ ምስክር ነው፤ እርሱም፣ በየጤና ጣቢያው ሁሉ ባይገኝም፣ ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ነው። በደም የሚመላለሰው ስኳር በቀይ የደም ሕዋስ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ተጣብቆ ሕዋሱ እስኪሞት ድረስ ስለማይለቅ፣ የሕዋሱም ዕድሜ 120 ቀን ያህል ስለሆነ፣ ከመቶ ስንቱ እንደ ተጣበቀ ሲቈጠር ያለፉት ሁለትና ሦስት ወራት ኑሮ ይገለጣል። 6.5 ከመቶና ከዚያ በላይ ሕመሙን ያመለክታል፤ በሕክምና ላይ ላሉት ብዙዎች ከ7 በታች እንዲሆን ይፈለጋል፤ በዕድሜ ለገፉትና ሌላ ደዌ ለተደረበባቸው ግን ሐኪሙ ልኩን ሊያላላው ይችላል። ደም ማነስ ባለበት ወይም በቅርቡ ደም በተሰጠው ሰው ላይ ይህም ምስክር ሊሳሳት ይችላል።

በእንግሊዝ አገር ተካሂዶ በ1998 እ.ኤ.አ. የታተመው ታላቅ ጥናት፣ የኤችቢኤዋንሲ ልካቸው በአማካይ 7.0 የሆነላቸው ሕሙማን 7.9 ከሆነባቸው ይልቅ በጥቃቅን የደም ሥሮች፣ ይልቁንም በዓይን፣ የሚደርሰው ጉዳት በሩብ ያህል እንደ ቀነሰላቸው አሳይቷል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ እውነተኛው ጾም ነው። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን የሚጾም ሕመምተኛ ሥጋውና ቅቤው ስለ ቀረ ስኳሩም የሚቀንስለት ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በአንድ ጊዜ የሚቀርበው እንጀራ፣ ድንችና ፓስታ፣ በላዩም ስኳር የበዛበት ሻይ፣ የደሙን ስኳር ሽቅብ ይነዱታል። ጠዋት ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን ውጦ እስከዚያ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የሚቈይ ደግሞ ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድበት ይችላል፤ ያን ጊዜ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡናውም ይታወካል፤ ቤተ ሰቡ ግን ‹‹ጾም አድክሞት ነው›› ይላል። በረመዳን የሚጾመው ሙስሊም ወንድማችንም ከዚህ አደጋ ውጪ አይደለም። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕሙማን ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ሕሙማኑ ግን ፈቃዱን መቀበል ያፍሩና ለሐኪም ሳይናገሩ ይጾማሉ፤ ሐኪሙም ብዙውን ጊዜ አይጠይቅም።

ስለዚህ በሕመምተኛው ካርድ ላይ፣ ከክብደቱና ከደም ግፊቱ ቀጥሎ፣ ‹‹ይጾማሉ?›› የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር፣ የክኒኑም ሰዓትና መጠን ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ እንዲስተካከል፣ ቁጥሮቹም በቃል ብቻ መነገራቸው ቀርቶ ትርጉማቸው ተብራርቶ በወረቀት ለሕመምተኛው እጅ እንዲሰጡ የጤና ሹማምንትን እጠይቃለሁ።