ቆጣሪ አንባቢው በክረምት ደጃፍ



ዘመነ ክረምት በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ድረስ ያለው የዝናብ፣ የዘርና የተስፋ ወራት ነው። ገበሬው በዚህ ወራት ከማሳው አይለይም፤ ካህኑም ስለ ዝናሙና ስለ ዘሩ ይጸልያል። በከተማ የምንኖር ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ክረምትን የምናውቀው በጭቃውና በብርዱ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በከተማም ክረምት ሥራቸውን የሚያከብድባቸው፣ ድካማቸውም የማይታይላቸው ሠራተኞች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ወደ ደጃችን እየመጣ የውሃውን ወይም የመብራቱን ቆጣሪ የሚያነበው ሰው ነው። በዚህ ወር ስለ እርሱና እርሱ ስለሚጽፈው ቁጥር ጥቂት ልንነጋገር አስበናል፤ ነገሩ ትንሽ ቢመስልም በጎረቤቶች መካከል ፍቅርን የሚያጸና ወይም የሚያናጋ ጉዳይ ነውና።

የአዲስ አበባን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህ ሥራ ምን እንደሚመስል ለመገመት አይቸገርም። ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል፤ የመንደሩ ኮረኮንች መንገድ ጭቃ ይሆናል፤ ጎርፉም ከቦዩ አልፎ በየደጁ ይፈስሳል። ቆጣሪ አንባቢው ግን የተመደበለትን መንደር በተወሰነለት ጊዜ ማዳረስ አለበትና ቦቲውን ተጫምቶ፣ የዝናብ ልብሱን ደርቦ፣ የሚመዘግብበትን ወረቀት ወይም የእጅ መሣሪያ እንዳይርስበት በብብቱ ሸጕጦ ከደጅ ወደ ደጅ ይሄዳል። ከአንዱ በር ደርሶ ቢያንኳኳ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፁን ስለሚውጠው ከውሻው በቀር የሚሰማው የለም። ተከፍቶለት ቢገባም የውሃው ቆጣሪ ያለበትን ጕድጓድ ክዳን ሲያነሣ ጎርፍ ያመጣው ደለል ሞልቶበት ያገኘዋል። ውሃውን ጨልፎ፣ ጭቃውን ጠርጎ፣ የመስተዋቱን ጉም በጨርቅ ወልውሎ ነው ቁጥሩን የሚያየው። የመብራቱ ቆጣሪ ደግሞ ከፍ ብሎ የተሰቀለ እንደ ሆነ በጨለመው ሰማይ ሥር አንጋጦ በባትሪ ብርሃን ያነበዋል። ይህን አንድ ጊዜ ማድረግ ቀላል ነው፤ ቀኑን ሙሉ በየቤቱ እየደጋገሙ ማድረግ ግን ትዕግሥትን ይጠይቃል።

ይህ ሰው እየበሰበሰ የሚመዘግበው ነገር ራሱ ከዝናብ የተገኘ መሆኑንም ማስተዋል ይገባል። የክረምቱ ዝናብ የገፈርሳን፣ የለገዳዲንና የድሬን ግድቦች ሞልቶ ለአዲስ አበባ ሕዝብ የሚጠጣ ውሃ ይሆናል። የአገራችንም የኤሌክትሪክ ኀይል አብዛኛው የሚመነጨው ከውሃ ነው፤ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚሞላው በክረምት ከደጋው በሚወርደው ውሃ ነው። እንግዲህ ከሰማይ በነጻ የወረደው በረከት በብዙ ሰው ድካምና ገንዘብ ተጠራቅሞ፣ በቧንቧና በሽቦ ተጉዞ ከቤታችን ሲደርስ፣ በመጨረሻ የሚመዘንበት ሚዛን ያ ከግድግዳችን ላይና ከግቢያችን ጕድጓድ ውስጥ ያለው ትንሽ መሣሪያ ነው። ሚዛን ደግሞ የሚጠቅመው በትክክል ሲነበብ ብቻ ነው።

በሩ ሳይከፈት ቢቀር ወይም ቆጣሪው በጭቃ ተውጦ ሊነበብ ባይችል የወሩ ሒሳብ በግምት ሊሠራ ይችላል። ብዙ ሰው ግምቱ አነስ ብሎ ሲመጣ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ደስታው አይቈይም። ለምሳሌ በሰኔ መጨረሻ የአንድ ቤት የመብራት ቆጣሪ 8,420 ላይ ነበር እንበል። ቤቱ በእውነት በየወሩ 150 ኪሎዋት ሰዓት ሲጠቀም፣ ለሐምሌና ለነሐሴ በየወሩ 90 ብቻ ቢገመትለት መዝገቡ 8,600 ይላል። በመስከረም መጨረሻ ቆጣሪው ሲነበብ ግን እውነተኛው ቁጥር 8,870 ሆኖ ይገኛል። ልዩነቱ 270 ነው፤ ከዚህም ውስጥ 120ው ያለፉት ሁለት ወራት ዕዳ ነው። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታው በበዛ መጠን ዋጋው በየእርከኑ ከፍ የሚል ስለ ሆነ፣ ይህ ሁሉ እንደ አንድ ወር ፍጆታ ከተቈጠረ ቤተ ሰቡ በየወሩ ቢከፍለው ኖሮ ከሚከፍለው የበለጠ ሊከፍል ነው። ይህም የሚሆነው ለልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ በሚገዛበት በመስከረም ነው። በነሐሴ መጨረሻ ቤቱን የለቀቀ ተከራይ ቢኖርማ፣ እርሱ ያበራውን መብራት በመስከረም የገባው ምስኪን ይከፍልለታል። ግምቱ ከልክ በላይ የበዛ እንደ ሆነም ቤተ ሰቡ ላልተጠቀመበት ነገር ገንዘቡን ያወጣል።

ይህ የገንዘብ ነገር ብቻ እንዳልሆነ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ እናንሣ። በአንድ ግቢ አራት ቤተ ሰቦች በአንድ የመብራት ቆጣሪ ይጠቀሙ ነበር፤ የሚመጣውንም ሒሳብ ለአራት እኩል ይካፈሉ ነበር። ከእነርሱ አንደኛዋ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋዊት እናት ሲሆኑ የነበራቸው አንድ አምፖል ብቻ ነው። ሌላዋ ጎረቤት እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ልጆችዋን የምታሳድግ ብርቱ ሴት ናት። በዚያ ክረምት በሩ ተዘግቶ እየተገኘ ሒሳቡ ለሁለት ወር በግምት መጣ፤ በመስከረም ግን ቆጣሪው ሲነበብ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወረደ። ያን ጊዜ በግቢው ጕርምርምታ ተነሣ። አንዱም «በዚህ ግቢ ሌሊቱን ሁሉ መብራት የሚያበራ ሰው አለ» ብሎ ተናገረ። አረጋዊቷ ይህን በሰሙ ጊዜ ለጸሎት ሲነሡ አምፖል ማብራታቸውን አስታውሰው ነገሩ ስለ እርሳቸው የተባለ መሰላቸው። ለማንም ምንም ሳይናገሩ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ አምፖሉን ትተው በጧፍ ብርሃን ዳዊታቸውን ይደግሙ ጀመር።

ነገሩን የፈታው ከጎረቤቶቹ የአንዱ ልጅ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ልጁ ለእማማ ውሃ ሊያደርስ ገብቶ ጧፉን ባየ ጊዜ ምክንያቱን ጠየቃቸው፤ ከዚያም ደብተሩን አውጥቶ አሰላው። 10 ዋት የሆነ አምፖል በየሌሊቱ 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን የሚፈጀው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ሦስት ኪሎዋት ተኩል የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ግን ይህንኑ ያህል የሚፈጀው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነው። እንጀራ የምትጋግረው ሴት ስሌቱን በሰማች ጊዜ አልተቈጣችም። «እስከ ዛሬ የእኔን ምጣድ እማማ ሲከፍሉልኝ ኖረዋልን?» ብላ ደነገጠች፤ ወዲያውም ገብታ አምፖሉን በገዛ እጅዋ አበራችላቸው። ከዚያ በኋላ አራቱ ቤተ ሰቦች ገንዘብ አዋጥተው ለየቤታቸው ትንሽ ቆጣሪ አስገቡ፤ በየወሩም በአንድ ቀን ቁጥሩን አብረው እያነበቡ እንደ ፍጆታቸው ይካፈላሉ። በዚያ ግቢ ጸብ የዘራው የሰዎች ክፋት አልነበረም፤ ያልተነበበ ቁጥር ነበር እንጂ።

ስለዚህ ቆጣሪ ማንበብን ልጆቻችንን ብናስተምር መልካም ነው። የመብራቱ ቆጣሪ ቁጥር ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፤ በቀይ ቀለም ወይም በነጥብ የተለየ የመጨረሻ አኀዝ ቢኖር እርሱ ክፋይ ነውና ከሙሉው ቁጥር ጋር አይቀላቀልም። በውሃው ቆጣሪ ጥቁሮቹ አኀዞች ሜትር ኩብን ያሳያሉ፤ ቀዮቹ ከሜትር ኩብ በታች ያለውን ያሳያሉ። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው፤ ይኸውም 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን 50 ጀሪካን ማለት ነው። ከአሁኑ ንባብ ያለፈው ንባብ ሲቀነስ የወሩ ፍጆታ ይገኛል። ከዚህም በላይ ቧንቧዎቹ ሁሉ ተዘግተው ሳለ በውሃው ቆጣሪ መስተዋት ውስጥ ያለችው ትንሽ መዘውር መዞርዋን ካልተወች በአንድ ስፍራ ውሃ እየፈሰሰ ነው። በበጋ ቢሆን መሬቱ ስለሚረጥብ የፈሰሰበት ቦታ ይታወቃል፤ በክረምት ግን መሬቱ ሁሉ እርጥብ ስለ ሆነ ከቆጣሪው በቀር የሚያጋልጠው የለም።

ለአንባቢው ልናደርግለት የሚገባንም ብዙ አይደለም። የሚመጣበት ወቅት ሲደርስ ከቆጣሪው ጕድጓድ ላይ የተከመረውን እንጨትና ጭቃ ማንሣት፣ ውሻውን ማሰር፣ ልጆችም የበሩን መንኳኳት እንዲያዳምጡ መንገር ይበቃል። በጾመ ፍልሰታ ቤተ ሰቡ በሙሉ ለቅዳሴ ስለሚሄድ ብዙ ቤት ተዘግቶ ይገኛል፤ በዚያ ጊዜ ለታመነ ጎረቤት አደራ ማለት ይቻላል። ቁጥሩን ከነቀኑ በየወሩ ጽፎ ማስቀመጥም በኋላ ክርክር ቢነሣ ማስረጃ ይሆናል። የመጣውን ሰው መታወቂያውን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሠራተኛውም አይቀየምበትም። ካወቅነው በኋላ ግን ዝናቡ እስኪያባራ ከጣሪያችን ሥር ቢጠለል፣ ትኩስ ሻይም ቢቀርብለት ምን ይጎድልብናል? አባታችን አብርሃም እንግዶቹን ለመቀበል ከድንኳኑ ደጃፍ ሮጦ መውጣቱን በየዓመቱ የምንሰማ ሕዝብ ነንና። ዝናብ የገባበትን የመብራት ቆጣሪ ግን ማንም በእርጥብ እጅ እንዳይነካው፣ ማኅተሙንም እንዳይከፍተው ይሁን፤ ለሚመለከታቸው ሠራተኞች ማስታወቅ ይገባል። ዛሬ በካርድ የሚሠራ ቆጣሪ በገባበት ቤት አንባቢው እንደ ቀድሞው በየወሩ ባይመጣም፣ በጋራ የሚጠቀሙ ጎረቤቶች በእውነት መካፈል እንደሚገባቸው አይለወጥም።

እውነተኛውን ቁጥር የመጠበቅ ግዴታ በሁለቱም ወገን ነው። ዮሐንስ መጥምቅ ወደ እርሱ የመጡትን ቀራጮች የመከራቸው ሥራቸውን እንዲተዉ አልነበረም፤ ከተወሰነው በላይ እንዳይጠይቁ ነበር እንጂ። አንባቢውም እንዲሁ ከዝናቡ ሸሽቶ ከሻይ ቤት ተቀምጦ የሚጽፈው ቁጥር የሌላ ሰው እንጀራ መሆኑን ማሰብ ይገባዋል። በእኛ በኩል ደግሞ ከቆጣሪው በፊት መስመር ቀጥሎ መጠቀም፣ ወይም ቁጥሩን እንዲያሳንስልን አንባቢውን በገንዘብ መደለል በሐሰተኛ ሚዛን ከመሸጥ የሚለይ አይደለም። እንዲህ ያለው ቅጥያ የመንደሩን ትራንስፎርመር ያጨናንቃል፤ በእርጥብ ክረምትም እሳትና ሞት ሊያመጣ ይችላል። እኛ ያልከፈልነውንም ሌላው ሰው ይከፍለዋል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በክረምት እውነተኛ ቁጥር የሚገኘው በሁለት ሰዎች ድካም ነው፤ በዝናብ በሚመጣውና በሩን በሚከፍትለት። ከሁለቱ አንዱ ቢሰንፍ በእውነት ፈንታ ግምት ይገባል፤ የግምትም ሸክም ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ለመናገር በሚያፍረው ደካማ ላይ ነው። በዚህ ሳምንት ከልጆቻችን ጋር ወጥተን ቆጣሪያችንን እናንብብ፤ ቆጣሪውን ከእኛ ጋር የሚጋራ ጎረቤት ቢኖር ክፍያው በእውነት እንደ ፍጆታው መሆኑን እንጠይቅ።

እግዚአብሔር አምላካችን ክረምቱን የምሕረትና የበረከት ያድርግልን፤ በዝናብ የሚደክሙትን ይጠብቅልን፤ ለቤታችንም እውነትንና ሰላምን ይስጥልን፤ አሜን።