አኅጽሮተ ንባብ ስለሚጠየቅበት ፈተና

በመንግሥት ሥራ ወደ ናይጄርያ ተልከው ከቤተ ሰባቸው ጋራ በአቡጃ ከተማ የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን ባለፈው ሰሞን ደብዳቤ ጽፈውልናል። ነገሩም የሴት ልጃቸው ትምህርት ነው። ልጅቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ለመፈጸም ጥቂት ወር ቀርቷታል፤ በትምህርት ቤቷ በተደረገው የእንግሊዝኛ መለማመጃ ፈተና ግን ድርሰቱን አሳምራ ጽፋ ሳለ፤ አኅጽሮተ ንባብ በሚጠየቅበት ክፍል ከ30 ነጥብ 7 ብቻ አገኘች። አባትዮውም፤ «ከንባቡ አንድ ቃል ሳትለውጥ መልሳ ጽፋለች፤ ታዲያ ጥፋቷ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁናል።

ጥፋቷ ይኸው አንድ ቃል አለመለወጧ ነው።

በጥያቄው አልተደነቅንም። እኛም በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ስንደግም አንዲት ፊደል የሳተ ልጅ አለንጋ ይቀምስ ነበር። ኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተን መምህሩ፤ «መጽሐፉን ዝጋና ያነበብኸውን በራስህ ቃል ንገረኝ» ባሉን ጊዜ አፋችን ተሳሰረ። የተጻፈውን መለወጥ ድፍረት መስሎን ነበር።

ልጅቱ የምትቀመጥበትን ፈተና የሚያወጣው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1952 የተቋቋመው የምዕራብ አፍሪካ የፈተና ምክር ቤት ነው፤ ከናይጄርያም ሌላ የጋና፤ የሴራሊዮን፤ የጋምቢያና የላይቤሪያ ልጆች ይፈተኑበታል። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ፈተና ከ100 ነጥብ 50ው ለድርሰት፤ 20ው ንባብን ተረድቶ ለመመለስ፤ 30ው ለአኅጽሮት የተመደበ ነው። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ጊዜ 2 ሰዓት ነው። በዚያ አገር ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በእንግሊዝኛ ክሬዲት የሚባለው ውጤት ስለሚፈለግ፤ በዚህ ክፍል የሚጠፋው ነጥብ ቀላል አይደለም።

ለአኅጽሮት የሚሰጠው ንባብ 500 ቃል ያህል ነው። ጥያቄው ንባቡን በሙሉ አሳጥሩ ብቻ አይልም፤ «በሦስት ዐረፍተ ነገር፤ ለእያንዳንዱ አንድ አድርጋችሁ፤ ጎርፉ ያደረሰውን ጉዳት ግለጹ» እንደሚለው ያለ ነው። እንግዲህ ልጅቱ ከንባቡ አስቀድማ ጥያቄውን ታንብብ። ስለ ጉዳቱ ከተጠየቀች፤ ጎርፉ ከየት እንደ መጣ የሚናገረው አንቀጽ ምንም ቢያምር አይጠቅማትም። ንባቡ፤ «በጎተራ የነበረው በቆሎ፤ ያም፤ ካሳቫና ማሽላ በሰበሰ» ያለ እንደ ሆነ፤ አራቱን መቍጠር ትታ «የተከማቸው እህል ተበላሸ» ማለት ይበቃታል። ምሳሌው፤ ዘይቤውና የሰዎቹ ንግግር ሁሉ ይቀራል። የራሷን አሳብ ግን ከቶ አትጨምር፤ መንግሥት ግድብ ቢሠራ መልካም ነው ብላ ብትጽፍ፤ ምክሩ ደግ ቢሆንም መልስ አይደለም። ደግሞም መልሱ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሁን እንጂ የቃል ቍራጭ አይሁን።

ከንባቡ ዐረፍተ ነገሩን እንዳለ አንሥቶ መገልበጥ በፈታኞቹ ዘንድ የታወቀ ጥፋት ነው፤ የገለበጠ ልጅ ነገሩ ገብቶት እንደ ሆነ አይታወቅምና። የጎርፍን ስም ግን በግድ ሌላ ስም ይፈልጉለት አልተባለም።

ማሳጠር ሲባል ደግሞ ያገኙትን መቍረጥ የሚመስላቸው አሉ። እኛ ራሳችን ከእነዚህ አንዱ ነበርን። በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ በጀመርን በሦስተኛው ዓመት አንዲት ባልቴት ያቀረቡትን የ11 ገጽ አቤቱታ ለዳኛው በግማሽ ገጽ አሳጥረን አቀረብን። «አመልካች ቤቱን ለመልቀቅ ተስማምተዋል» ብለን ጻፍን፤ በንጽሕናውም ደስ ብሎን ነበር። በችሎት ሲነበብ ባልቴቲቱ ብድግ ብለው፤ «ጌቶቼ፤ ለጣራው ያወጣሁትን ከከፈለኝ ያልሁት ወዴት ሄደ?» አሉ። መዝገቡ ተገልጦ ቢታይ እውነት ነው። ዳኛው ትእዛዙን አልፈረሙም፤ ሴትዮዋ ግን ስለ እኛ ስሕተት ለሌላ ቀጠሮ እንደ ገና ከገጠር መጡ። እስከ ዛሬ ከመዝገብ ላይ «ቢሆን»፤ «አንዳንድ»፤ «ምናልባት» የሚለውን ቃል ስናገኝ እጃችን ቆም ይላል። በፈተናውም እንዲሁ ነው፤ ንባቡ አንዳንድ ገበሬዎች ተሰደዱ ካለ፤ ገበሬዎቹ ተሰደዱ ብሎ መጻፍ ሐሰት ነው።

ስለ ቤት ልምምድ ለወዳጃችን የምንነግራቸው አንድ ነገር አለን። እናትዮዋ እንግሊዝኛ እንደማያውቁ በደብዳቤው ተጽፏል፤ ይህም ለልጅቱ በጎ ዕድል ነው። ማታ ማታ ከጋዜጣ አንድ አንቀጽ ታንብብ፤ ወረቀቱንም አባትዮው ይቀበሏት፤ ያነበበችውንም ለእናቷ በአማርኛ ትንገራቸው። እናትዮዋ «ታዲያ ምን ሆነ?» ብለው ቢጠይቁ፤ የዘለለችው ነገር ያን ጊዜ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን በእንግሊዝኛ ትጻፈው፤ በአማርኛ ካለፈ ወዲያ የጋዜጣው ቃል በእጇ ላይ አይቀርም። መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ይመለስላትና አሳቡ እንዳልተዛነፈ ታመሳክር።

በፈተናው ቀን ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ የለም። ስለዚህ ልምምዱ ከአሁኑ ይጀመር፤ ከአንድ ወርም በኋላ ከጻፈቻቸው ሦስቱን ከነንባባቸው ቢልኩልን አርመን እንመልስላቸዋለን።